ልጆቼን ለአብዮቱ ላወርስ ስል

ሚስቴ ከሞተች ወዲህ ሦስት ልጆች ብቻዬን ነበር የማሳድገው። ደሴ ላይ ለዘመቻ ስሜ ሲወጣ፣ «ብሞት የልጆቼ ሞግዚት ኩታበር ያለችው እህቴ ትሁን» ብዬ ኑዛዜ ጻፍኩና ማኅተም ላስመታ ቀበሌ ሄድኩ። ሊቀመንበሩ አነበበና ወረቀቱን በጣቱ ገፋው። «የዘማች ልጅ አሳዳጊው አብዮቱ ነው። እህት ምን ትሠራለች?» አለኝ። «እንግዲያው እህቴን ልሰርዛት፤ ግን ሞግዚት የሰው ስም ይፈልጋል። እዚህ አብዮቱን የሚወክሉት እርስዎ ስለሆኑ የእርስዎን ስም ላስገባ? ትንሹ ገና አልጋ ላይ ይሸናል፣ ትልቁ ደግሞ የሁለት ሰው ይበላል» አልኩት። ሌላ ጊዜ ሳምንት የሚያመላልሰንን ማኅተም እፍ እፍ ብሎ ወዲያው መታልኝ።

እኔ ሳልሄድ በሳምንቱ የእሱም ስም ወጣ። ቤቴ ድረስ መጥቶ ኑዛዜዬን ልገልብጥ ብሎ ለመነኝና ሰጠሁት። ሞግዚት የሚለው ጋ ሲደርስ መጀመሪያ ሚስቱን፣ እሷ ከሌለች ደግሞ እህቱን ጻፈ።

«አብዮቱስ፣ ጓድ?» አልኩት።

ዞር ብሎ በሩ መዘጋቱን አየና፣ «እባክህ፣ አንተም ልጆች አሉህ» አለኝ።