የጥቁሩና የግራጫው ማጫወቻ ጉልበት

ሚሊኒየሙ በገባበት ዓመት፣ መስቀል ባለፈ በመጀመሪያው ቅዳሜ፣ አያ ወልደ ሥላሴ ፍኖተ ሰላም መናኸሪያ ወደ ቡሬ ከሚሄድ ሚኒባስ ገብተው ተቀመጡ። ጭናቸው ላይ የበርበሬ ነጋዴ የሚመዝንበት ባለ መንጠቆ ሚዛን ነበር። ረዳቱ አየና፣

«አባት፣ ለሚዛኑም ይከፈላል» አላቸው።

«የተቀመጠው ጭኔ ላይ ነው። ለጭኔ ከፍያለሁ።»

አጠገባቸው የተቀመጠችው ወጣት ሳቋን በነጠላዋ ሸፈነች። ያምሮት ትባላለች። ፍኖተ ሰላም ላይ ኮምፒውተር ታስተምራለች፤ እናቷን ለማየት ወደ ቡሬ መሄዷ ነበር።

«በርበሬ ሊገዙ ነው አባቴ?» አለቻቸው።

«አይደለም ልጄ። ፕሌስቴሽን ልመዝን ነው የምሄድ።»

አሁን ነጠላውም ሳቋን አልሸፈነው። አያ ወልደ ሥላሴ አልተቀየሙም። ሠላሳ ዓመት ሽማግሌ ሆነው በሬና ቀፎ ሲያካፍሉ የኖሩ ሰው ናቸው፤ ሰው ሲስቅባቸው ምክንያቱን መጠየቅ ልማዳቸው ነው።

«ምኑ ነው ያሳቀሽ?»

«ይቅር ይበሉኝ። የሚመዝኑት ለምንድን ነው?»

«የእህቴ ልጆች ቡሬ ላይ፣ ከነቀምቴ መገንጠያ አጠገብ፣ የጨዋታ ቤት አላቸው። ታላቁ ቢሆነኝ ነው፤ ታናሹ እጅጉ። ማጫወቻቸው ሁለት ነው፣ ጥቁርና ግራጫ። እጅጉ አገባና ድርሻዬን አለ። ሁለቱም ጥቁሩን ነው የሚሉ። ግራጫው የጥቁሩን ግማሽ አያክልም አሉ። ይኸው ከፍልሰታ ወዲህ አይነጋገሩም። ዛሬ ካልተስማሙ ሰኞ ፍርድ ቤት ናቸው። የአንዲት እናት ልጆች በፍርድ ቤት ከተለያዩ ወዲያ በተዝካርም አይገናኙ።»

«ታዲያ ሚዛኑ ምን ያደርጋል?»

«የከበደው ይበልጣል። ሥጋ ሳይኖር ጉልበት ከየት ይመጣል?»

ሽማግሌን መቃወም ነውር እንደሆነ ያምሮት ታውቃለች። ዝም ማለትም ሁለት ወንድማማቾችን ሊያጣላ ነው።

«አባቴ፣ በሬ ሲገዛ ምኑ ነው የሚታየው?»

«ሻኛው፣ ደረቱ፣ ሰኮናው።»

«ሻኛው ትልቅ የሆነ ሁሉ ያርሳል?»

አያ ወልደ ሥላሴ በመስኮት ወደ ውጭ አዩ። ጎረቤታቸው ዓለምብርሃን አንድ በሬ አለው፤ ሻኛው የቄስ ጥምጥም ያክላል። ቀንበር ሲያይ ይተኛል። ይህን ለማታውቃቸው ልጅ መናገር ጎረቤትን ማማት ስለሆነ፣

«አንዳንዱ ይተኛል» ብቻ አሉ።

«ማጫወቻም እንደዚያው ነው። አንዱ የኤሌክትሪክ መቀየሪያው ከሆዱ ውስጥ ስለሆነ ይከብዳል። ሌላው ከገመዱ ላይ ስለሆነ ይቀላል። እርስዎ የሚመዝኑት ጉልበቱን ሳይሆን ስንቁን ነው።»

«እሺ፣ ሚዛኑ ይቅር። ቢሆነኝ ካርቶኑ ላይ መቶ ሃያ ስምንት ቢት ተብሎ ተጽፏል ይላል። የግራጫው ሠላሳ ሁለት ነው። መቶ ሃያ ስምንት ከሠላሳ ሁለት አይበልጥም ልትይኝ ነው?»

«ይበልጣል። ግን ቢት ማለት ማጫወቻው በአንድ ጊዜ የሚያነሣው ሸክም ስፋት ነው። ግራጫው ላይ ሌላ ቁጥር አለ፣ ሜጋኸርትዝ የሚባል። እሱ ደግሞ የእርምጃው ፍጥነት ነው፤ በሰከንድ ስንት ጊዜ እንደሚመላለስ።»

«ግራጫው በሱ ይበልጣል?»

«ይበልጥ ይሆናል።»

«እንግዲያ ማን በለጠ?»

«እርስዎ ይንገሩኝ። አህያ ብዙ ተሸክማ ቀስ ትላለች። ሰው ጥቂት ተሸክሞ ይፈጥናል። እህሉን ከአውድማ ማን ቶሎ ያስገባል?»

«መንገዱን ሳላይ፣ አህያዋን ሳላይ፣ ሰውየውን ሳላይ?»

«አዎ።»

«ይኼማ አይታወቅም።»

«በካርቶን ላይ ካለ ቁጥር የሚፈርድ ሰውም እንደዚሁ ነው። ሻጭ ከሁሉ መርጦ የሚያስጽፈው የሚበልጥበትን ቁጥር ነው።»

አያ ወልደ ሥላሴ ጢማቸውን ዳበሱ።

«እናንተ የተማራችሁ ትገርማላችሁ። መጀመሪያ ቁጥር ተማሩ ትሉናላችሁ። ስንማር ቁጥር አትመኑ ትላላችሁ።»

ከኋላ ያለ መንገደኛ ሳቀ። ያምሮትም ሳቀች።

«ቁጥር ይታመናል አባቴ። ግን የምን ቁጥር እንደሆነ ይጠየቃል። ደግሞ እኮ ውስጡ ያለው ሠራተኛ አንድ አይደለም። አንዱ ያስባል፤ ሌላው ሥዕሉን ይሥላል። አንዱ ሲፈጥን ሌላው ካልደረሰበት ቆሞ ይጠብቀዋል።»

«ጥማድ ናቸው በይኛ።»

«ጥማድ ናቸው።»

«ይኼን ከመጀመሪያው አትነግሪኝም ነበር? ጥማድ የሚሄደው በደካማው በሬ እርምጃ ነው። የኃይለኛውን ሻኛ ብቻ ለክቶ ጥማዱን የሚያወድስ ሞኝ ነው።»

ግማሹን ትምህርት ተማሪው ራሱ ጨርሶት ነበር።

ቡሬ መናኸሪያ ሲወርዱ አያ ወልደ ሥላሴ፣ «እናትሽ ካልተቆጡ ከኔ ጋር ነይ» አሏት። ሄደች።

ወንድማማቾቹ በጨዋታ ቤቱ ውስጥ በአንድ አግዳሚ ዳርና ዳር ተቀምጠው ጠበቋቸው።

«ጋሼ፣ ግራጫውን ይዞ በሰላም ይሂድ በሉልኝ» አለ ቢሆነኝ።

«ግራጫውን ራሱ ይብላው በሉልኝ» አለ እጅጉ።

«እኔ የማንም አፍ አይደለሁም» አሉ አያ ወልደ ሥላሴ። ሆኖም በልማድ ሁለቱን ማጫወቻዎች በሚዛኑ መንጠቆ አንጠልጥለው አዩ። ጥቁሩ ከበደ። ያምሮት ከግራጫው ኋላ የተንጠለጠለውን ገመድና ጡብ የሚያክል መቀየሪያውን አንሥታ አብራ ጨመረች። የሚዛኑ ቀስት ወርዶ ጥቁሩ ደርሶበት ከነበረው ላይ ቆመ። አያ ወልደ ሥላሴ ሚዛኑን ከበሩ ኋላ ሰቀሉት።

«አሁን ስሙ» አሉ። «ከመመዘን በፊት መለኪያውን እንስማማ። በሬ ከበሬ የሚወዳደረው በአንድ ማሳ፣ በአንድ ሞፈር፣ በአንድ አራሽ ነው። አንዱን በቀይ አፈር፣ ሌላውን በዋልካ አርሰህ ይኼ በለጠ ብትል ዳኛ አይደለህም። ለሁለቱም የተሠራ አንድ ጨዋታ አለ?»

«የኳሱ ጨዋታ አለ» አለች ያምሮት ሲዲዎቹን እያየች። «በአንድ ቴሌቪዥን፣ በአንድ ዓይነት ቡድን እናጫውታቸው። ዝናብ ይዝነብበት። ማጫወቻ የሚፈተነው በዝናብና ሰው ከጎሉ አፍ ሲከማች ነው። የምናየው ሥዕል እኮ በሰከንድ ብዙ ጊዜ የሚሣል ነው። ማጫወቻው ሲደክመው ጥቂት ይሥላል፣ ያን ጊዜ ምስሉ ይንቀረፈፋል።»

«በሐምሌ ጭቃ በይኝ።»

«በሐምሌ ጭቃ።»

«ጨዋታውን እስኪከፍት የሚፈጀውስ ጊዜ?» አለ እጅጉ።

ሰዓት የያዘ ሰው አልነበረም። አያ ወልደ ሥላሴ፣ «እናቴ እንቁላል የምትቀቅለው በአቡነ ዘበሰማያት ነበር» አሉና ቆመው ጀመሩ። ጥቁሩ ሲበራ ጸሎቱን ጨርሰው ወደ በሰላመ ቅዱስ ገብርኤል ተሻገሩ፤ ሜዳው ገና አልታየም ነበር። ግራጫው ግን «ሲሳየነ» ላይ ሳይደርሱ ተጫዋቾቹን አሰለፈ።

«ለግራጫው ፈጥነው ደግመው ይሆናል» አለ ቢሆነኝ፣ ወደ ግድግዳው እያየ።

«ጸሎት እንደ ሰው አያዳላም። ቀጥሉ።»

እጅጉ ጥቁሩን ሊያጫውት ሲነሣ መብራት ጠፋ። ቤቱ ጨለመ።

«አሁንስ እኩል ሆኑ» አሉ አያ ወልደ ሥላሴ።

መጀመሪያ የሳቀው እጅጉ ነው። ቢሆነኝ እንዳይስቅ ከንፈሩን ነከሰ። መብራት ሲመጣ አያ ወልደ ሥላሴ ፈተናው ከመጀመሪያው እንዲደገም አዘዙ፤ ደክሞ የነበረና ያረፈ በሬ አይወዳደርም ብለው። ጥቁሩ ዝናቡ እስኪበረታ ደህና ሄደ። ከጎሉ አፍ ሰው ሲከማች ግን ኳሷ በአየር ላይ ቆማ ጸሎት የምታደርስ መሰለች፤ ተጫዋቾቹም እንደ ተዝካር በላተኛ ቀስ አሉ። ግራጫው በዚያው ዝናብ፣ በዚያው ትርምስ፣ ሳይሰናከል ሄደ። አራሽ ያዳላል እንዳይባል ቢሆነኝም ሁለቱን በተራ አጫወተ። ውጤቱ ያው ሆነ።

ከዚያ ቢሆነኝ ጉሮሮውን ጠርጎ፣

«ጋሼ፣ ለሰላም ስል ግራጫውን እኔ ልውሰድ» አለ።

«ጋሼ፣ እኔም ለሰላም ስል ግራጫውን ልውሰድ ልል ነበር» አለ እጅጉ።

አያ ወልደ ሥላሴ ወደ ያምሮት ዞሩ። «አየሽ ልጄ? በትክክል ለካን፣ ጠቡ ግን ቦታ ለወጠ እንጂ አልሞተም።»

«የለካነው ጉልበቱን ብቻ ስለሆነ ነው አባቴ። ጉልበት አንድ ነገር ነው፣ ጥቅም ሌላ። ጥቁሩ የተጫረ ሲዲ ያነብባል፤ ልጆቹ የሚወዷቸው የቆዩ ጨዋታዎች ሁሉ የተሠሩለት ናቸው። ግራጫው ኃይለኛ ነው፤ ለሱ የሚሆን ሲዲ ግን ቡሬ ላይ ጥቂት ነው።»

«ፈረስና በሬ ናቸዋ» አሉ አያ ወልደ ሥላሴ። «ፈረስ ይበልጣል ብሎ በፈረስ የሚያርስ የለም።»

ከዚያ ቀጥ ብለው ተቀምጠው ፈረዱ። «ታላቁ ይደልድል፤ ታናሹ ይምረጥ። ቢሆነኝ፣ ከቤቱ ያለውን ሁሉ በሁለት ክፈለው። ቀድሞ የሚያነሣው እጅጉ ነው።»

ቢሆነኝ ተነሣ። ጥቁሩን በአንድ ወገን፣ ግራጫውን በሌላ ወገን አደረገ። ሲዲዎቹን ሁሉ ለጥቁሩ ሰጠ፤ አየና የግራጫውን ለግራጫው መለሰ። ትልቁን ቴሌቪዥን ወደ ግራጫው ገፋ፤ ቆመና ወደ ጥቁሩ ሳበ። እጀታዎቹን ሦስት ጊዜ አመላለሰ። መርጦ የሚቀድመው ወንድሙ ስለሆነ አንዱን ወገን ማድለብ የራሱን ድርሻ ማክሳት መሆኑ ገብቶታል። በመጨረሻ አግዳሚውን ከግራጫው አጠገብ አኑሮ፣ ላቡን ጠርጎ፣ ወደ ኋላ ቆመ።

ያምሮት ነጠላዋን አጣፍታ ልትሄድ ስትነሣ አያ ወልደ ሥላሴ አስቆሟት።

«የመጣሁት የከበደው ይበልጣል ብዬ ልፈርድ ነበር። ፈርጄ ቢሆን ደካማውን ኃይለኛ ነው ብዬ፣ ሁለት ወንድማማች አጣልቼ፣ ደስ ብሎኝ ወደ ቤቴ በገባሁ። ለካ መለኪያውን ሳይስማሙ የሚለኩ ሰዎች የሚለኩት ንዴታቸውን ነው። ይኼን ለሰፈሬ ሰው እነግራለሁ። በወንፈል ጊዜ፣ በየተራ አንዱ ለሌላው ሲያርስ፣ የኔ ጥማድ ካንተ ይበልጣል እየተባባልን ዓመት ሙሉ እንኮራረፋለን። ከእንግዲህ አንድ ማሳ ላይ ጠምደን እንየው። የደከመውም የት ላይ እንደደከመ ያውቃል፣ ይቀልበዋል። የበረታውም ትርፍ አይመጻደቅም።»

እውነት ነው። በሻኛ፣ በክብደት፣ በካርቶን ጽሑፍ የሚፈርድ ሰው ይታለላል፤ የተታለለ ሰው ደግሞ የሚያጠፋው ገንዘቡን ብቻ አይደለም። በአንድ ሥራ ላይ፣ በአንድ ዓይን የለካ ግን ባይበልጥ እንኳ አይቆጭም።

እጅጉ በሁለቱ ክምሮች መካከል ቆሟል። ጥቁሩ ጋ ይሄዳል፣ ይመለሳል። ግራጫው ጋ ይሄዳል፣ ይመለሳል።

«ምረጥ እንጂ» አለው ቢሆነኝ።

«እንዴት አድርጌ ልምረጥ? እኩል አድርገህ ነው የከፈልኸው።»

ቢሆነኝ ሄዶ ከጎኑ ቆመ፤ ሁለቱም አብረው ክምሮቹን ይመለከቱ ጀመር።