ሁለቱ ሰርቪሶች

እናቴ "አኗኗሯን አይተህ ንገረኝ" ብላ ወንድሟን አያ ታከለን ከኮሶዬ ልካብኝ ነበር። ሊመጡ ሲሉ ደውለው ቤቴ የት እንደሆነ ቢጠይቁኝ፣ "ቁስቋም፣ ሰርቪስ ውስጥ ነው የምኖረው፤ መሥሪያ ቤቴ በር ላይ ይጠብቁኝና አብረን እንሄዳለን" አልኳቸው። ሰርቪስ ያልኩት ከአከራዮቼ ትልቅ ቤት ጀርባ ያለችውን ጠባብ ክፍሌን ነው። መሥሪያ ቤት ግን ሰርቪስ የሚባለው ሠራተኛ የሚያመላልሰው አውቶብስ ነው።

አያ ታከለ ቀድመው ደርሰው ጥበቃውን "ሰርቪሱ የት ነው?" ብለው ይጠይቁታል። እሱም "ያውና" ብሎ አውቶብሱን ያሳያቸዋል። ከሥራ ወጥቼ ስገባ፣ አያ ጫማቸውን ደረጃው ላይ አውልቀው፣ ያመጡልኝን ድንች ወንበር ሥር ሸጉጠው፣ ለሚገባው ባልደረባዬ ሁሉ ብድግ እያሉ "ኖር" ይላሉ። ሰዉም "በእግዜር" እያለ ይቀመጣል። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። ጠጋ ብለው "ምነው ልጄ፣ ይኸን ሁሉ ሰው አንቺ ነሽ የምታሳድሪው?" ሲሉኝ ግን ሳቄ አመለጠኝ።

መንገዱን ሙሉ ሳስረዳቸው ቆይቼ ቁስቋም ወረድንና ክፍሌን ከፈትኩላቸው። አንድ አልጋ፣ አንድ ምድጃ፣ መዳፍ የምታክል መስኮት። ደፍ ላይ ቆመው ግራ ቀኙን አዩና ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ "የፊተኛው ሸጋ ነበር፣ መስኮት በመስኮት። ለእናትሽ እሱን ነው የምነግራት" አሉኝ።