ቀዩን የቀባሁት እኔ ነኝ

— ሄሎ? … አዎ፣ የብርጓል ነኝ። የኔታ! እንዴት አደሩ? … እግዚአብሔር ይመስገን። … ይሰሙኛል? ቆይ፣ ወደ መስኮቱ ልጠጋ። — ደመላሽ፣ እባክህ ያንን ማራገቢያ አጥፋልኝ። አጎቴ ናቸው፣ የቅኔ መምህሩ፣ ከአምበር። — አሁንስ? … ጎሽ።

… ምን? … እንዴት አይሄዱም? ሐኪሙ ለቀዶ ጥገናው ሰኞ አዲስ አበባ ይጠብቅዎታል እኮ! … ማን ከለከለዎት? … ሥዕሉ? የትኛው ሥዕል? … እ፣ በጎረቤትዎ በእትዬ ሥራነሽ ስልክ የላክሁት። … አዎ፣ የእርስዎ የራስ ደም ሥር ነው። ያ እንደ ሽንብራ ያበጠው፣ እሱ ነው። … አዎ፣ አፉ ላይ ቀይ ነው።

… በቀይ የተጻፈ አይፋቅም? … የኔታ! … ኧረ እኔ አልሳቅሁም፤ አብሮኝ የሚሠራው ደመላሽ ነው። … እሺ፣ እኔም ስቄአለሁ። … አውቃለሁ፣ የእመቤታችን ስም በቀይ ነው የሚጻፈው፤ እርስዎ አይደሉ ያስተማሩኝ? ይሄኛውን ግን እግዜር አልጻፈውም። ቀዩን የቀባሁት እኔ ነኝ።

… እኔ ነኛ! ደሙ የሚፈጥንበትን ቀይ፣ የሚያዘግምበትን ሰማያዊ አልሁት፤ ዓይን እንዲለየው። ብፈልግ ቢጫ አደርገው ነበር። … አይ፣ እብጠቱማ የእርስዎ ነው፤ ከራጁ ነው ያወጣሁት። የደሙን አካሄድ ግን … በኮምፒውተር አስልቼ ነው። … አላየሁትም። … ልክ ነዎት፣ ግምት ነው። ደህና ግምት፣ ግን ግምት።

… ይፈነዳል ወይ? … አላውቅም፣ የኔታ። … የሚፈነዳው ቀዩ ጋ ነው የሚሉ አሉ፤ ሰማያዊው ጋ ነው የሚሉም አሉ። ጀርመን አገር ድረስ ሄጄ የተማርሁት ይህንኑ ክርክር ነው። … ይሳቁ፣ ይሳቁ! … አይ፣ ሐኪሙ የወሰነው በእኔ ሥዕል አይደለም። እብጠቱን ለካው፤ ካምናው አድጓል። … አዎ፣ እሱን እኔም አምናለሁ።

… ሄሎ? የኔታ? … አሉ? መስመሩ የተቋረጠ መስሎኝ።

… እንደሱ ይበሉኛ! ቀዩ አይደለም ለካ የያዘዎት። … ቅኔው ቢጠፋብኝስ ነው የሚሉት? … አይጠፋም ብዬ አልዋሽዎትም። ከፈነዳ ግን የሚጠፋው ቅኔው ብቻ አይደለም። … እኔም እፈራለሁ። ያንን ሥዕል እየደጋገምሁ የምሠራው ስለምፈራ ነው እንጂ … ኧረ አላለቀስሁም፣ ጉንፋን ነው።

… ቅኔው ከጠፋ ከፊደል ማን ያስጀምርዎታል? … እኔ? … እሺ፣ አስቆጥርዎታለሁ። … በአለንጋማ አይሆንም! … እርስዎ ግን ገርፈውኛል፣ አይካዱ።

… እውነትዎን ነው? ይሄዳሉ? … ተመስገን! እሑድ ከቅዳሴ በኋላ መጥቼ እወስድዎታለሁ። … በሚኒባስ አይሆንም፤ መኪና እለምናለሁ። … እሺ፣ ይመርቁኝ። … አሜን። … አሜን። … የሐኪሙንም እጅ? … አሜን።

… ስሙን? ዶክተር ባዘዘው ነው። … ክርስትና ስሙን አላውቅም። … ያለሱ አይጸለይለትም? … ኧረ የኔታ፣ እንዲህ ያለውን ትልቅ ሐኪም ምን ብዬ እጠይቀዋለሁ? … እሺ። … እሺ አልሁ፣ ልዝጋና ልደውልለት።