የአቶ አንጁሎ ገመድ

ባለፈው ሚያዝያ ከአረካ ወደ ሶዶ ስመለስ የሚኒባሳችን ጎማ ተነፈሰና ተሳፋሪው ሁሉ ከመንገዱ ዳር ጥላ ሥር አረፈ። መምህር ነኝና ጨዋታ ማድመጥ እወዳለሁ። አጠገቤ አቶ አንጁሎ የሚባሉ ሽማግሌ አዲስ ገመድ ታቅፈው፣ ሜላት ከምትባል ወጣት የግብርና ባለሙያ ጋር ወግ ጀመሩ።

«አባባ፣ ገመዱ ለከብት ነው?»

«ለመሬት ነው ልጄ። አራቱ ወንዶች ልጆቼ እኔ ልረስ፣ እኔ ልረስ ሲሉ ባለፈው ሳምንት ገጀራ ተማዘዙ። ነገ ለክቼ አካፍላቸውና እገላገላለሁ። እኛም ከአባታችን የወረስነው እንዲሁ ነው።»

«ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ የኔም አባት ከወንድማቸው ጋር እንዲሁ ተካፍለው ነበር። ድንበር ገፋህ፣ አልገፋሁም ሲባባሉ አጎቴ ሞተ፣ አባቴም ወህኒ ወረዱ። ሁለቱ ቤቶች ዛሬም ለቅሶ እንኳ አንደራረስም።»

ስለ ድህነት መንስኤ ክፍል ውስጥ ስንት ዓመት ለፍልፌያለሁ! ዝናቡንና ገበያውን ስወቅስ ይህን ገመድ ግን አንድ ቀን አንስቼው አላውቅም። አፈርኩ።

«ታዲያ ሳላካፍል ልሙት?» አሉ ሽማግሌው ቆጣ ብለው።

«የመሬቱ ወርድ ስንት እርምጃ ነው?»

«አርባ።»

«ለያንዳንዱ አሥር ደረሰው። ትልቁ ልጅዎ ስንት ወንዶች አሉት?»

«አምስት፤ ጌታ ይመስገን።»

ሜላት ከአስፋልቱ ዳር ሁለት እርምጃ ቆጥራ አፈሩ ላይ አሰመረች። «የልጅ ልጅዎ ድርሻ ይህ ነው። እስቲ ይግቡበት።»

ገብተው ቆሙ። እንሰቱ የት እንደሚተከል፣ በሬው የት ላይ እንደሚዞር የሚፈልጉ ይመስል ግራ ቀኙን አዩ። አንጀቴን በሉት።

«እዚህ የሚቆፈረው መቃብር ነው» አሉ በመጨረሻ። «ምን ላድርግ ታዲያ?»

«መሬቱን ትተው ምርቱን ያካፍሏቸው። አብረው ይረሱ። ሙያ ሊማር ከቤት የሚወጣ ካለም ድርሻው አይቅር፤ ሴቶች ልጆችዎም ይቆጠሩ። ውሉም በሽማግሌዎችና በቀበሌው ፊት ይጻፍ።»

በመስከረም፣ በወላይታ ዘመን መለወጫ በጊፋታ በዓል ሰሞን አቶ አንጁሎ ጋብዘውኝ ቤታቸው ሄድኩ። ድሮ በዶማ የሚቆፈረው ማሳ በጥማድ ታርሶ በቆሎው ደርሷል። አንዱ ልጅ ሶዶ ብየዳ ይማራል፤ ድርሻው ግን ከወንድሞቹ እኩል ይቀመጥለታል። ገጀራ የተማዘዙት ወንድማማቾች የበዓሉን በሬ በዚያው ገመድ አስረው እየተሳሳቁ ይጎትታሉ።

«መምህር፣ ለዚያች ለሜላት ንገርልኝ» አሉኝ አቶ አንጁሎ። «በዓሉ እንዳለፈ የአባቷንና የአጎቷን ቤት ለማስታረቅ ሽማግሌ ይዤ እመጣለሁ።»