የወንድሜ የጀማል ፒካፕ

በእኛ ጊዜ፣ ልጆቼ፣ እዚህ ጅቡቲ ወንድ ልጅ የሚኮራው በፒካፑ ነበር። በሚስቱም አይደለ፣ በቤቱም አይደለ፣ በፒካፑ! አዲሱ ባቡር ገና እዚህ ናጋድ ጣቢያ አልደረሰም፣ ዕቃው ሁሉ በመኪና ነው የሚመጣው፣ ታዲያ ፒካፕ ያለው ሰው ነጋዴ ነው፣ ሰርግ አድማቂ ነው፣ በሽተኛ አድራሽ ነው፣ ሁሉም ነው። ስትስቁ አያችኋለሁ። ሳቁ። የምነግራችሁ ግን የሚያስቅ አይደለም።

ይኸው የዚች የሰሚራ አባት፣ ታናሽ ወንድሜ ጀማል፣ ከድሬዳዋ የሚመጣውን ሽንኩርትና ቲማቲም ከትልልቆቹ መኪኖች እየተቀበለ ገበያ የሚያደርስ ሰው ነበር። ካርቲየ 2 በሚባለው ሰፈር አንድ ግቢ ነው የምንኖረው፣ እኔ ታላቅ እህቱ፣ እሱ፣ ሚስቱ፣ እና እናታችን፣ እማ። እኔ የመኪና ወንበር ልብስ እሰፋለሁ። እማ ጉልበቷ አይታዘዝላትም፣ እና ካርቲየ 7 ቢስ በሚባለው ሰፈር እህቷ ታማ ተኝታለች፣ ከአልጋ አትነሳም። ታዲያ ጀማል ፒካፑን የገዛ ዕለት ምን አለ? የእማን እጅ ሳመና "እማ፣ ይሄ መኪና ያንቺ ነው። አርብ አርብ እህትሽ ዘንድ አደርስሻለሁ" አላት። አደረሳትም፣ አልዋሸም። ከጁምዓ በኋላ እማ ሽቶዋን ተቀብታ፣ ፊት ወንበር ላይ ጉብ ብላ፣ መስኮቱን ከፍታ፣ ያገኘችውን ሁሉ ሰላም እያለች ትሄዳለች። የሹም እናት ነበር የምትመስለው። እማ እንደዚያ ደስ ብሏት ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም አላየሁም።

ታዲያ ሮብሌ የሚባል ጎረቤት አለን፣ የሶማሌ ልጅ፣ ሁለት ቤት አልፎ። እሱም ፒካፕ አለው። አንድ ቀን ጣሪያው ላይ ፓውዛ ደርድሮ ብቅ አለ። ጀማል ቆሞ አየው፣ አየውና ምሳ አልበላ አለ። በማግስቱ ከዱባይ የመጣ ፓውዛ ገዝቶ ደረደረ፣ ከሮብሌ አብልጦ። ሮብሌ ወፍራም ጎማ አስገባ፣ ጀማል ከዚያ የወፈረ አስገባ። ሮብሌ በኒኬል የተነከረ ትልቅ ቀስት ብረት ከጋቢናው ኋላ አቆመ፣ ጀማልም አቆመ፣ እሱ አልበቃ ብሎት ከብረቱ ሥር የጭነቱን ቦታ የሞላ የድምፅ ማጉያ ሳጥን በብሎን አሳሰረ።

"ኧረ አንተ ሰው፣ ሽንኩርቱን የት ልትጭነው ነው?" አልኩት።

"ሽንኩርት፣ ሽንኩርት! እናንተ ሌላ ነገር አታውቁም?" አለኝ። አያችሁ? ያሳደገውን ሽንኩርት ናቀው።

እና አርብ ከአስር ሶላት በኋላ ፒካፖቹ ባሕር ዳር ይሰለፋሉ፣ ሰው ይከባቸዋል፣ ክላክስ ይነፋል፣ ሙዚቃው ይጮሃል፣ ጭብጨባ የበዛለት አሸነፈ ይባላል። በቃ። ሽልማት የለው፣ ምን የለው። ከሰልፉ በፊት ደግሞ ይታጠባል። በጋ ነው፣ ቧንቧው ደርቋል፣ ውሃ በጀሪካን ነው፣ እሱ እቴ፣ ኒኬሉን ጨው እንዳይበላው ብሎ በሚጠጣ ውሃ ያጥበዋል። እማ ደጃፍ ላይ ተቀምጣ "ለውዱእ አጥቼ በእፍኝ እቆጥባለሁ፣ እሱ ብረት ያጥባል! ብረት ይሰግዳል እንዴ?" ትላለች። ይስቃል። እኛም እንስቅ ነበር።

መጨረሻ ላይ ከሥር የሚሸከመውን ባሌስትራ አስቀይሮ መኪናውን ወደ ላይ አነሳው። ከፍ አለ፣ ግመል አከለ። ታዲያ አርብ ደረሰ፣ እማ ተሰናድታ ወጣች። እግሯን አነሳች፣ አልደረሰም። በሩን ይዛ እንደገና አነሳች፣ አልሆነም። ሰው ያያል።

"ጀማሌ፣ ዝቅ አድርግልኝ።"

"እማ፣ እሱ እኮ ዝቅ አይልም። መሰላል አሠራልሻለሁ።"

"እኔ ዶሮ ነኝ፣ ቆጥ የምወጣው?"

"እንግዲያው አቅፌ ላውጣሽ።"

"በአደባባይ? በሰው ፊት? ተወኝ!" አለችና ተመልሳ ገባች። ሽቶዋን ተቀብታ፣ እንዲያው እንዳማረባት ገባች። እኔ "ታክሲ ልጥራልሽ" ስላት ደግሞ "ልጄ መኪና እያለው በታክሲ ብሄድ፣ ጎረቤቱ ጀማልን ምን ይለዋል?" አለች። ተመልከቱልኝ፣ የሱን ክብር ነው የምትጠብቀው! "የፊታችን ሳምንት ዝቅ አደርገዋለሁ" ይላል፣ ሳምንቱ ሲመጣ "ሮብሌ አዲስ ነገር ሊያስገባ ነው አሉ፣ ይቺ ትለፍ" ይላል። እንዲህ እንዲህ ሲል ዓመቱ ዞረ። እህትማማቾቹ በመንገደኛ ሰላምታ እየተላላኩ ቀሩ።

እማ የሞተችው በዚያ ኻምሲን በሚባለው ነፋስ ወቅት ነው፣ አየሩ ራሱ በሚያቃጥልበት። ጠዋት ሞተች፣ አጠብናት፣ ከፈንናት። ታውቃላችሁ፣ በእኛ ዘንድ ጀናዛ አይዘገይም፣ ለዙህር መስጊድ መድረስ አለባት፣ ከዚያም መቃብሩ ከከተማ ውጭ ነው፣ በትከሻ የሚደረስበት አይደለም። የመስጊዱ መኪና ሌላ ሬሳ ይዞ ሄዷል። ሰዎች "የኪራይ መኪና እንጥራ" ሲሉ ጀማል ተቆጣ። "እናቴን በማንም መኪና አልልክም! እኔ ልጇ ቆሜ! በራሴ ነው የምወስዳት!"

እኔ ሴት ነኝ፣ መቃብር አልሄድም፣ ደጃፉ ላይ ቆሜ አያለሁ። ቃሬዛውን ተሸክመው አወጡ። ወደ ፒካፑ አቀረቡት። አልገባም። በቁመት ሲሉ የድምፅ ማጉያው ሳጥን ያዘው፣ አዘንብለው ሲሉ ቀስቱ ብረት ያዘው። ሰውየው፣ ወላሂ፣ ሳጥኑን ረስቶታል! ጀማል መፍቻ ይዞ ዘሎ ወጣ። ብሎኑን ቢለው፣ ቢለው፣ ንቅንቅ የለም። ዝጓል። ያ ሁሉ የሚጠጣ ውሃ ከላይ ከላይ ነው የፈሰሰው፣ ከሳጥኑ ሥር ያለውን ጨው በልቶታል። ቃሬዛውን ይዘው የቆሙት ሰዎች ላባቸው ይንጠባጠባል።

"ቁረጠው፣ ጀማል! ብረቱን ቁረጠው!"

እና ወንድሜ ምን አለ? ይህን በጆሮዬ ነው የሰማሁት። "ቆይ፣ ቆይ፣ ይፈታል፤ ኒኬሉ እንዳይጫር" አለ። እናቱ ፀሐይ ላይ ናት፣ ኒኬሉ እንዳይጫር! ክፉ ሆኖ አይደለም። ደንግጦ ነው፣ አፉ የለመደው ወጣ። ግን ወጣ፣ ሁሉም ሰማው።

ታዲያ በዚህ መሃል ሮብሌ የራሱን ፒካፕ በኋላ ማርሽ እየነዳ መጣ። ከጎናችን ያለው በያጅ ቤት ገባ፣ የብረት መቁረጫውን ገመዱን እየጎተተ ይዞ ወጣ፣ እና ማንንም ሳይጠይቅ ያንን የሚያብረቀርቅ የራሱን ቀስት ብረት ከሥሩ ቆረጠው። ቆረጠውና በእግሩ ገፋው፣ መንገዱ ላይ ወደቀ። የለፋበት ብረት፣ የሚፎክርበት! "ሆዮ ፀሐይ ላይ ናት" ብቻ አለ። ሆዮ በነሱ ቋንቋ እናት ማለት ነው። ምንጣፍ አነጠፈ፣ እማን ተቀብሎ አስተኛት። ጀማል መፍቻውን እንደያዘ ፈዝዞ ቀረ፣ መኪናው ሲነቃነቅ ነው የባነነው፣ ሮጦ የሮብሌ መኪና ኋላ ላይ ተንጠለጠለ። እንደዚያ ሆና ሄደች።

ሮብሌ ያንን ብረት መልሶ አላስበየደውም። ከዚያ በኋላ ባሕር ዳርም አልተሰለፈም። ጀማልም ፒካፑን ሸጠው፣ ማን እንደገዛው አላውቅም። እኔ ግን አንድ ቀን አፌን መያዝ አቃተኝና "በሕይወቷ ከፍ አለባት፣ ስትሞት ጠበባት" አልኩት። ተነስቶ ወጣ። ለረጅም ጊዜ ወደ እኔ ክፍልም አልገባም ነበር።

ምነው ሰሚራ፣ አንገትሽን ደፋሽ?

"አክስቴ፣ አባዬ እኮ እንዲህ አይደለም የሚነግረን። 'አያታችሁን እስከ መቃብሯ በገዛ መኪናዬ ያደረስኳት እኔ ነኝ' ነው የሚለን።"

እንደዚያ አላችሁ? … ውይ ወንድሜን። ውይ ጀማሌን። እንግዲያው እኔን አልሰማሽኝም፣ ልጄ። እሱ እንዳለው ነው። እሱ ነው ያደረሳት።