ድንጋይ የተሸከሙት አማት

ደብረ ማርቆስ፣ በነርስነት በምሠራበት ክሊኒክ ብዙ ሰው አይቻለሁ፤ ሮብ ገበያ ከምትባለው የገጠር ከተማ እንደመጡት አማት ያለ ግን አልገጠመኝም። ልጃቸውንና ምራታቸውን አስከትለው ገቡና ገና ሳይቀመጡ፣ «መካን መሆኗን ንገሩንና ልጄ ሌላ ያግባ» አሉኝ። ምራትየው ይታይሽ አንገቷን ደፍታ የነጠላዋን ጫፍ ትቋጥራለች። አማትየው ውጭ ወረፋው ጋ ሲጠብቁ፣ ሐኪሙ ባልና ሚስቱን መርምሮ ውጤቱን ሲነግራቸው አብሬ ነበርኩ። የይታይሽ ማህፀን ደህና ነው፣ ቱቦዎቿም ክፍት ናቸው፤ የደከመው የባልየው ዘር ነው። «ወጣትነቷ ይረዳችኋል። ብርቱውን ዘር አጣርተን፣ እንቁላሏ በሚወርድበት ቀን በቀጭን ቱቦ ማህፀኗ ውስጥ እናስገባዋለን። በመጀመሪያው ግን ላይዝ ይችላል» አላቸው። ባልየው ጉዱን ይደብቃል ብዬ ነበር። እሱ ግን ወጥቶ ወረፋ ጠባቂው ሁሉ እየሰማ፣ «እማዬ፣ እሷ ደህና ናት። ጉድለቱ የኔ ነው» አላቸው።

ሴትዮዋ ብድግ ብለው ወደ ግቢው ወጡ። ተቆጥተው ሄዱ ስንል፣ ከአጥር ሥር ያነሡትን ድንጋይ ማጅራታቸው ላይ ተሸክመው ተመለሱና ምራታቸው እግር ሥር በርከክ አሉ። «መካን እያልኩ በየቤቱ ስምሽን ያጠፋሁ እኔ ነኝ። ማሪኝ ልጄ!» አማት ለምራት ድንጋይ ስትሸከም በኛ አገር ማን አይቷል? ይታይሽ እያለቀሰች፣ «ይቅር ለእግዜር! ኧረ በማርያም ይነሡ፣ እማማ!» ብላ ድንጋዩን አወረደችላቸው።

የመጀመሪያው ሙከራ አልያዘም። ሦስቱም ውጤቱን ለመስማት መጥተው ፊቴ ተቀምጠዋል። ስነግራቸው ከባልም ከሚስትም ቀድመው የተናገሩት አማትየው ናቸው፦

«እና ለሁለተኛው መቼ እንምጣ?»