ጨዋታው የሚቆምበት ቃል

ሄሎ... አቤት፣ ማን ልበል?

እ... መምህር። አወቅኩዎት። አይ፣ እየሰፋሁ ነው። — እናቴ፣ ቀሚሱ ነገ ይደርስልሻል፤ ዛሬ ተይኝ። — ደንበኛ ናት፣ ሄደች። ይንገሩኝ።

ተማሪዎቹ የመለማመጃው አልጋ ላይ አንተኛም አሉ? ... ማን ይተኛል ታዲያ፣ ልጄ ከሞተችበት ወዲህ።

ወደ ጠመኔና ሰሌዳ ልመለስ ነው የሚሉኝ? ... አይ መምህር። ድሮማ ደብተሯን እንደያዘች ታንቀላፋ ነበር። በየተራ በሽተኛና ነርስ እየሆናችሁ ተማሩ ካሏቸው በኋላ ነው ቤቱን ሆስፒታል ያደረገችው። ክንዴን ጠቅልላ የደም ግፊቴን ስትለካ፣ «አባዬ፣ አመመኝ በል እንጂ! በሽተኛ እንዲህ ይስቃል?» ትለኛለች። እኔ ማስመሰል አይሆንልኝም። እሷ ግን...



አዎ፣ ጓደኛዋ ነግራኛለች። «አስም የያዘው ሰው እኔ ልሁን፣ አውቅበታለሁ» አለች፤ አስሙ እንደሆነ የራሷም ነው። ትራሷን ከፍ አደረጉላት፣ ጠየቋት፣ ጭንብሉን አጠለቁላት። ልክ እንዳስተማሯቸው። ጭንብሉ ግን የልምምድ ነው፣ መምህር! ከጀርባው ኦክስጅን የለም! የምሯን አፍኗት እጇን ስታወራጭ፣ «ወይ ትወና!» ብለው ሳቁ። እርስዎም አጨበጨቡ...

አያልቅሱ። የኛ ይበቃል።

ምን? ... ቃል? ... ሳይጀምሩ የሚስማሙበት... የምር ያመመው ሰው ሲጠራው ሁሉም ጨዋታውን የሚያቆምበት። እህ። አሁን ታሰባችሁ?

«ድንቢጥ»?! — ማንንም አልጠራሁም፣ አንቺ! ተኚ! — እናቷ ናት፣ ከጓዳ። ማን ነገራችሁ የቤት ስሟን? ... ለቅሶው ላይ። እኛ ከቀብር ወዲህ ከአፋችን አላወጣነውም፤ እናንተ በየቀኑ ልትጠሩት ነው?

... መታሰቢያ? እኔ መታሰቢያ ምን ያደርግልኛል። አንድ ነገር ልጠይቅዎ። በዚያ ሁሉ ሳቅ መሃል ይሰማል? ... ክፍሉ ውስጥ ነዎት? እስቲ ይጥሩት።

... አይሰማም። ጮክ ብለው።

... ጮክ ይበሉ እንጂ! ትንፋሽ ያጠረው ሰው እየጠራዎት ነው!

...

አዎ። ያን ቀን እንዲህ የጮኸላት አንድ ሰው ጠፋ።

ይሁን፣ ይጥሩበት። ሌላዋ እንኳ ትትረፍ... ልዝጋው፣ መምህር። እናቷ «ድንቢጥ» ብለው ሲጮሁ ሰምታ ከጓዳ ወጥታለች። የውጭውን በር እያየች ነው።